ወደ ጣፊያ የሄደችው ቀይ ህዋስ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንድ የወባ ተውሳክ ከጉበት ወጥቶ ደም ውስጥ ገባ። ቶሎ መጠለያ ካላገኘ ስለሚሞት ያገኘውን ሁሉ ይዳስስ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ያረጀች ቀይ የደም ህዋስ ቆዳ ላይ እንደ በር የሚከፍትለትን እጀታ አገኘና ገፍቶ ገባ።

«እሜቴ፣ ከእንግዲህ ቤቱ የእኔ ነው። ልጆቼን እዚሁ እወልዳለሁ፤ ከዚያ ወደ እህቶችሽ ይሄዳሉ» አላት።

ህዋሷ ሰውነቷ ሲደነድን ተሰማት። «እኔ ግን መንገዴን አላቋርጥም» አለችው በእርጋታ።

እህቶቿን ተሰናብታ ደም እያጣራች የደነደኑ ህዋሳትን ከነተውሳካቸው ወደምታጠፋው ወደ ጣፊያ ሄደች። ጣፊያም በጠባቡ በሯ ላይ ዳሰሰቻት።

«እትዬ፣ ደንድነሻል። ብቻሽን ነሽ?»

«ሁለት ነን። ሁለታችንንም አስገቢን» አለች ህዋሷ።

ጣፊያ በሩን ከፈተች። የህዋሷ እህቶችም ከተውሳኩ ድነው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ፤ እናንተም በሰላም ዋሉ።