ከመታጠፊያው በታች የታሰረው ገመድ

አንድ አሻጋሪ ነበረ። ቆይ ተረፈች፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። «የድሮ አባቶች ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም ሲሉ ኖሩ። የዛሬዎቹ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ሳያውቅ በቅን ልብ እግዚአብሔርን የፈለገ ሊድን ይችላል ይላሉ። ማንኛቸው ናቸው የዋሹን፣ አባ?» ብለሽኛል። አባትሽ ሳይጠመቅ እንደ ሞተ፣ ሰዎች «ለእሱ መጸለይ ከንቱ ነው» ብለውሽ ሳትጸልዪለት እንደ ቀረሽም አውቃለሁ። እንግዲህ አድምጪኝ።

ይህ አሻጋሪ የሚኖረው ክረምት ሲገባ ደራሽ ጎርፍ በሚወርድበት ወንዝ ዳር ነበር። ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር ከቃጫ የተገመደ ወፍራም ገመድ ዘርግቶ ሰው ያሻግራል። ወደ ውሃው ለሚገባ ሁሉ፣ ለሽማግሌውም ለጎረምሳውም፣ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፦ «ይህን ገመድ ያልያዘ አይሻገርም።» የሚናገረውም በቁጣ ነው። ዋና እችላለሁ ብሎ የገባ ስንት ጎበዝ ሲወሰድ አይቷልና ቁጣው ከፍቅር ነበር።

ይኸው ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሁልጊዜ ወንዙ ወደሚታጠፍበት ወደ ታች ይወርዳል። እዚያም ከአፈር በወጡ የዛፍ ሥሮች ላይ ቁራጭ ገመዶች እያሰረ ጫፋቸውን ውሃው ላይ ይለቀዋል። ሚስቱ ምን እንደሚያደርግ ብትጠይቀው፣ «ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ? ከአረፋ የሚሻል ነገር ላኑርለት ብዬ ነው» አላት።

«ታዲያ ለሰው ለምን አትናገርም?»

«ከተናገርኩማ የላዩን ይለቁታል» አለ።

አሻጋሪው ሞተና ልጁ በቦታው ተተካ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ገመዱን ይጠብቃል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ የአባቱንም ቃል አንዲት ሳያጎድል ይናገራል። አባቱን ተከትሎ ወደ መታጠፊያው ግን አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ፣ ገመድ መኖሩን ማንም ያልነገረው፣ ከላይ በኩል ወደ ወንዙ ገባ። ደራሹ አንሥቶ ወሰደው። ዳር የነበሩት ሰዎች አይተው ወደ ታች ሊሮጡ ሲነሡ ልጁ ከፊታቸው ቆመ። «የት ትሄዳላችሁ? ገመዱን ያልያዘ አይሻገርም። የአባቴ ቃል ነው። ይህ ሰው ሞቷል» አላቸው። ቃሉን ያከብሩ ነበርና ተመለሱ። ደግ ሰዎችም ስለሆኑ፣ «እንግዳ ነው፣ የሚያለቅስለት የለውም» ብለው እዚያው ወንዙ ዳር ለቅሶ ተቀመጡ። ደረት ተመታ፣ ሙሾም ተወረደ።

የልጁ እናት ለቅሶ ልትደርስ መጣች። «ወርዳችሁ አያችሁት?» ብላ ጠየቀች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ብቻዋን ወደ መታጠፊያው ወረደች። ሰዎቹም አፍረው ተከተሏት።

መንገደኛው በሕይወት ነበረ። ባሏ ካሰራቸው ገመዶች ያልበሰበሰ አንድ ተርፎ ኖሮ፣ ክንዱ ላይ ጠምጥሞት ተንጠልጥሏል። ጎትተው አወጡት። ድምፁ ተዘግቶ ነበር። «ስጣራ ዋልኩ» አለ። «ለቅሶ ይሰማኛል። ምስኪኖች፣ ሰው ሞቶባቸው ነው ያልሰሙኝ እያልኩ አዘንኩላችሁ። ለካ የሞትኩት እኔ ነኝ።»

ልጁ ቋጠሮውን ሲያይ የአባቱን አስተሳሰር አወቀ። «ቃሉን ነገረኝ፤ ይህንን ግን አልነገረኝም» ብሎ አለቀሰ። እናቱም፣ «አብረኸው ብትወርድ ኖሮ ታየው ነበር» አለችው።

አየሽ ተረፈች፣ ቃሉ ሐሰት አልነበረም። ገመዱ አጠገብ ለቆምነው፣ ለእኔና ለአንቺ፣ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ግን ውሃ በወሰዳቸው ላይ ፍርድ አደረግነው። የዛሬዎቹም የላዩን ገመድ አልቆረጡም። ከታች የታሰረውን ነው ያሳዩን፤ እሱም ትናንት የታሰረ አይደለም። ለጥምቀት ሲዘጋጁ ሞት ስለ ቀደማቸው ሰዎች የጥንት አባቶች «የመጠመቅ ምኞታቸው እንደ ጥምቀት ተቆጥሮላቸዋል» ብለዋል። የላዩንም የታቹንም ያሰረው አንድ እጅ ነው። የዳነ ሁሉ የሚድነው በክርስቶስ ነው።

«ታዲያ የላዩ ለምን ያስፈልጋል?» ልትይኝ ነው። እንዲህ ካልሽ አልሰማሽኝም። ያ መንገደኛ ምን ሲሆን እንደ ዋለ ነገርኩሽ እኮ። ደግሞስ ገመዱን እያወቀ የለቀቀ ሰው ምን ብሎ ሊመልስ ነው?

አባትሽ ድኗል አልልሽም፤ ዳኛው እኔ አይደለሁም። ጠፍቷል የምልበት አፍ ግን ከየት አመጣለሁ? ያን የነገሩሽ ሰዎችም ወርደው አላዩም። እሑድ በቅዳሴ ሙታን ሲታሰቡ ስሙን አንሺው። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ክርስቲያን ልጅ እያለችው ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ሳይጸልይለት መቅረቱ ነው።