የፊታውራሪ ግንባርና የጨረቃ ጉድጓድ

ፊታውራሪ ጓንጉል ግንባራቸው ላይ ያለውን ስርጉድ ጠባሳ «ብጉንጅ ፈንድቶ ነው» ይላሉ። ይህን ባሉ ቁጥር ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ዘነዘናቸውን እያዩ ፈገግ ይላሉ።

አንድ ምሽት ፊታውራሪ አዲሱን የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ጨረቃ ላይ ደግነው፣ በምላሱ ያስመረራቸውን ጭሰኛ አስጠሩት።

«ያ ትልቁ ጉድጓድ ከውስጥ እሳት ፈንድቶ ነው ወይስ ከላይ ድንጋይ ወድቆበት? ካላወቅህ መሬቴን ትለቃለህ» አሉት።

ጭሰኛው በመነጽሩ አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ የጌታውን ግንባር አየ። ሳቁ ሊያመልጠው ሲል እንደ ምንም ዋጠው።

«ከውስጥ የፈነዳማ ያብጣል፤ አፉም እብጠቱ አናት ላይ ነው። ይሄ ግን መሐሉ ሰርጉዶ ዳር ዳሩ ብቻ ተነሥቷል። ጨረቃ ተመትታ ነው፣ ጌታዬ። እሷን ቢጠይቋት ግን ‹ብጉንጅ ነው› ማለቷ አይቀርም።»