እሳት ቀራጩ

አንድ ሰው ነበረ፤ ግትር ገበሬ። የት አገር፣ በማን ዘመን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ሕሊና፣ ላንቺ ጥያቄ ብዬ ራሴ የፈጠርኩት ሰው ነው። «ኮምፒውተር ውስጥ እሳት የለ፣ ግንብ የለ፤ ታዲያ ፋየርዎልን ምን ነክቷቸው የእሳት ግንብ አሉት? አለቃዬ አጥፊው እያለ ሲነዘንዘኝ ባጠፋውስ ምን ይጎድላል?» ብለሻል። እንግዲያው ሳታቋርጪኝ ስሚ።

ይህ ሰው በሚኖርበት መንደር ቤቱ ሁሉ ሣር ክዳን ነበር፤ ተጠጋግቶ የተሠራ፣ የአንዱ ክዳን የሌላውን የሚነካ። ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ጎረቤት ትሄድና ፍም ጭራ ትመለሳለች። እሳት ተጠይቆ አይከለከልም፤ እሳት የከለከለ ጎረቤት ከክፉም ክፉ ነው። ታዲያ አንድ የበጋ ቀን ነፋስ ከገል ላይ አንዲት ፍንጣሪ አንሥቶ ክዳን ላይ ጣለ። የገበሬው ቤትም፣ ዓመት ሙሉ የለፋበት የጤፍ ክምርም አመድ ሆነ። ሚስቱና ልጆቹ በሰው ቤት ተጠግተው ከረሙ።

ሰውየው ቤቱን መልሶ ሲሠራ በመንደሩ መካከል ከዳር እስከ ዳር ግንብ ሊያቆም ተነሣ። ከክዳን ከፍ የሚል የድንጋይ ግንብ። ከገደል ሥር እየፈነቀለ በትከሻው ያመላልስ ጀመር። ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉት። ግንቡ ከወገብ ሲያልፍ ግን ሳቁ ቀረና ቅያሜ መጣ። ሊለየን ነው፣ እሳት ሊከለክለን ነው ተባባሉ። ከግንቡ ማዶ የምትኖር አንዲት እህት ነበረችው፤ እሷም ከፋት። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ድንጋዩን ደረደረ። ልጆቼ ዳግመኛ በሰው ቤት አያድሩም ብሎ ምሏላ።

ሽማግሌዎች ገቡ። ያለ መተላለፊያ መንደር አይሆንም ብለው ሲቆጡት በር ከፈተ፤ መቼም እሱም ሰው ነው። ነገር ግን ሕግ አወጣ። ሰውም ከብትም እንደ ልቡ ይለፍ፣ እሳት ግን ክዳን ባለው ማሰሮ ካልሆነ በገል አያልፍም አለ። በሩ ላይ እየቆመ ያያል፤ ያልተከደነ እሳት የያዘውን ይመልሳል። «እሳት ቀራጩ» የሚል ስም ወጣለት። ቀረጥ ተቀብሎ የማያውቅ ቀራጭ! ስሙ አናደደው፣ እንዴት አያናድደው፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ነፋሱ ሲያፏጭ ከግንቡ ማዶ እሳት ተነሣ። ኡኡ ተባለ፤ ሕዝቡም ወደ በሩ ጎረፈ። ገበሬው በሩ ላይ ቆሞ ሰዉን አሳለፈ፣ ከብቱን አሳለፈ። ጓዝ የያዘውን ግን እያስቆመ ይዳብሳል። ሰው ሰደበው፣ ገፈታተረው። በመጨረሻ እህቱ መጣች፤ የመኝታ ጓዟን ጠቅልላ አዝላለች። ጋቢዋ፣ ቀሚሷ፣ በዚች ምድር ላይ የቀራት ያ ብቻ ነው። ጠጋ ስትል የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተው። እጁን ወደ ጥቅልሉ ሰደደ፤ መሀሉ ይፋጃል።

«አውርጂው» አላት።

«ሌላ ምን ቀረኝ? እህትህ እኮ ነኝ።»

«አንቺ እለፊ። እሱ አያልፍም።»

ጥቅልሉን ከጀርባዋ ላይ መንጭቆ ወደ ማዶ፣ ባዶ አፈር ላይ ወረወረው። እሷን በክንዷ ስቦ አስገባት፤ ከኋላዋ የቀረ ሰው ስላልነበረ በሩን ዘጋ። ከእንግዲህ ወንድም የለኝም ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ ረገመችው።

እሳቱ ግንቡን አልተሻገረም። ነፋሱ ሲበርድ እህትየዋ ጥቅልሏን ፍለጋ ወጣች። ቃጠሎው እዚያ ድረስ አልመጣም፤ ከእሱ ወዲያ የወደቀው ገለባ እንኳ እንዳለ ነው። ጥቅልሉ ግን ከውስጡ ነዶ አመድ ሆኗል። አመዱን በእግሯ ገለጥ አደረገች። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው ወንድሟ ዞረች።

«ጀርባዬ ላይ ነበር እኮ» አለችው።

ይኸውልሽ ሕሊና። ቤቶች ተያይዘው ሲሠሩ እሳት እንዳይሻገር መሀላቸው የሚቆመውን ግድግዳ ፋየርዎል ያሉት ግንበኞች ናቸው፤ የኮምፒውተር ሰዎችም የሚገባ የሚወጣውን እየፈተሸ ለሚያሳልፈው ጠባቂ ፕሮግራም ስሙን ከእነሱ ተዋሱ። ገበሬው የእኔ ፈጠራ ነው፣ ይህኛው ግን እውነት ነው። የቢሮሽ ኮምፒውተሮችም ክዳናቸው የተነካካ ቤቶች ናቸው፤ አንዱ ከተያያዘ ሌላው አይተርፍም። አለቃሽ ፋይሌ አልገባ አለኝ፣ ለአንድ አፍታ አጥፊልኝ ሲልሽ ክፋት አስቦ አይደለም። እህትየዋስ መች ክፉ ነበረች? እሳት ማዘሏን አላወቀችም። ጠላትን መመለስማ ማንም ይችላል፤ የሚከብደው የገዛ ሰውን ማስቆም ነው። አለቃሽን በአክብሮት አሳልፊው፣ የተሸከመውን ግን ሳትዳብሺ አታሳልፊ። ቢቆጣ ይቆጣ፣ ስም ቢያወጣልሽም ያውጣ። ነገ ጠዋት ስትገቢ በርሽ ላይ ቁሚ።