ድንቿ አላትምም ያለች ዕለት

ተረቴ ከአንዲት ድንች ይነሳል፤ ድንች ናት ብላችሁ ግን እንዳትንቋት።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ለገና አንድ ካርድ ማተም ፈለገች። ካርዱ ደሴ ላለችው ታላቅ እህቷ ለማንጠግቦሽ ነው። ማንጠግቦሽ ሳታስፈቅድ አግብታ አባቷ ካባረሯት ወዲህ፣ የዚያ ቤት ገና በዓል በዓል አይሸትም። ትርንጎ ደግሞ ያሰበችውን ሳታደርግ እንቅልፍ አይወስዳትም። ወረቀት አጠፈች፤ ድንች ለሁለት ከፍላ በግማሿ ላይ በምስማር ኮከብ ቀረጸች። ካርዱን የሚወስድላት የደሴው አውቶቡስ ከቀትር በፊት ይነሳልና ቸኩላለች።

ድንቿ ግን ያለ ቀለም አላትምም ብላ አኮረፈች።

ትርንጎ ወደ ቀለሙ ሄደች። ድንቿን ቅባልኝ፤ ድንቿ ካርዴን አላትምም አለች፣ አለችው። ቀለሙም ውኃ ውኃ ብያለሁ፣ ጥላሸት ካልበላሁ አልቀባም አላት።

ወደ ድስቱ ሄደች። ጥላሸትህን ስጠኝ፤ ቀለሙ ድንቿን አልቀባም አለ፤ ድንቿ ካርዴን አላትምም አለች። ድስቱም ቢላዋ ካልፋቀኝ አልሰጥም አለ።

ወደ ቢላዋው ሄደች። ድስቱን ፋቅልኝ፤ ድስቱ ጥላሸቱን አልሰጥም አለ፤ ቀለሙ ድንቿን አልቀባም አለ፤ ድንቿ ካርዴን አላትምም አለች። ቢላዋው ሰነፍ ነው፤ የዓመቱን ሽንኩርት ከትፌ ዶልዱሜያለሁ፣ ካልተሳልኩ አልፍቅም አለ።

ወደ መሳያው ድንጋይ ሄደች። ቢላዋውን ሳልልኝ፤ ቢላዋው ድስቱን አልፍቅም አለ፤ ድስቱ ጥላሸቱን አልሰጥም አለ፤ ቀለሙ ድንቿን አልቀባም አለ፤ ድንቿ ካርዴን አላትምም አለች። ድንጋዩ ግን ለገናው በግ ካራ በሚስሉት በአባቷ በአቶ ጓንጉል እጅ ነው። እሳቸው ካልፈቀዱ አልስልም አላት።

"አባባ፣ ድንጋዩን ይፍቀዱልኝ" አለች። "ድንጋዩ ቢላዋውን አልስልም አለ፤ ቢላዋው ድስቱን አልፍቅም አለ፤ ድስቱ ጥላሸቱን አልሰጥም አለ፤ ቀለሙ ድንቿን አልቀባም አለ፤ ድንቿ ካርዴን አላትምም አለች።"

አቶ ጓንጉል ሳቁና ካርዱ ለማን እንደሆነ ጠየቋት። ለመምህሬ ብትል ድንጋዩን ወዲያው ታገኛለች። ግን አልዋሸችም።

"ለማንጠግቦሽ ነው።"

ሳቃቸው ጠፋ። እንግዲያው አልፈቅድም አሉ። ትርንጎ ንቅንቅ አላለችም።

"አባባ፣ እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰሙም?"

አቶ ጓንጉል አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው ናፍቃቸው ነበር፤ ኩራታቸው ነው ያላስወራቸው። ካራቸውን አስቀምጠው ድንጋዩን ዘረጉላት።

ያን ጊዜ ድንጋዩ ቢላዋውን ሳለ፤ ቢላዋው ድስቱን ፋቀ፤ ድስቱ ጥላሸቱን ሰጠ፤ ጥላሸቱ ቀለሙን አጠቆረ፤ ቀለሙ ድንቿን ቀባ፤ ድንቿም ካርዱን አተመች። ኮከቡ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ግድ የለም።

ትርንጎ ወደ አውቶቡሱ ልትሮጥ ስትል አባቷ ጠሯት። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ከኮከቡ ሥር አሳረፉ።

"ያባረርኳት እኔ ነኝ" አሉ፤ "የምጠራትም እኔ ልሁን።"

በገና ዋዜማ ማንጠግቦሽ ከነባሏ መጣች። አባቷ በር ድረስ ወጥተው አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፤ በማግስቱም ሁሉም ከአንድ ገበታ ፈሰኩ። እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ፤ ያኮረፋችሁት ሰው ካለ የቀረው የእናንተ ነው።