እመቤታችን የታፈነውን ማርሚታ ስላስከፈተችው ሰው

ሰማይና ምድር የማይችሉትን በማኅፀኗ የቻለች እመቤታችን ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ምእመናን ሆይ፥ ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ።

በዚህ በቆላው ደብራችን እንዳላማው የሚባል ሞተር ሳይክል ነጂ ነበር፤ ውዳሴዋን ሳይደግም ሞተሩን የማያስነሣ፥ በየማለዳውም ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያንን አፈናጥጦ ለኪዳን ጸሎት በነጻ የሚያደርስ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩ ይጮህ ነበርና አንድ ካህን በሕዝብ ፊት "አንተ ሰው፥ ይህን ጩኸትህን ከእመቤቴ ደጅ አርቅልኝ!" ብሎ አዋረደው። ያ ካህን እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እንዳላማውም አዘነና ቤቱ ገብቶ የሞተሩን የጢስ መውጫ፥ ማርሚታውን፥ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቀው፤ አፉንም በቆርቆሮ ከድኖ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ተወለትና "እመቤቴ፥ ስለ ክብርሽ ነው፤ ዕድሜ ልኬን አልፈታውም" ብሎ ተሳለ። ሞተሩም ጸጥ አለ፤ እኔም ደስ ብሎኝ መረቅሁት። ሳምንት ሳይሞላው ግን ማርሚታው ይግል፥ ዳገት ላይም ይቀላ ጀመር፤ እርሱም ዘይት ቀየረ፥ ካንዴላ ጠረገ፥ ጭቃውን አጠበ፤ ወዳጆቹ "ኧረ ያን ቆርቆሮ አንሣው!" ቢሉት "ለእመቤቴ የተሠራ እንዴት ይጎዳኛል?" ይላቸው ነበር።

ሚስቱ ያልጋነሽ ሁለት ልጆች ቀብራ ሦስተኛውን ፀንሳ ነበር፤ በመጋቢት ቀትር ምጥ ያዛትና ደም ፈሰሳት፤ እርሱም አፈናጥጧት ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰ። ከዚያም መንገዱ እኩሌታ ላይ፥ ጥላ በሌለው ዳገት፥ ማርሚታው ፍም መስሎ ነጠላዋን አቃጠለና ሞተሩ ጠፋ። የነጠላውን እሳት በእጁ አጠፋው፤ ደሟን ግን የሚያቆምበት አልነበረውም። ሞተሩን ቢረግጠው ቢረግጠው እንቢ አለ፤ በመንገዱም ሰው አልነበረም። "እመብርሃን፥ ሁለቱን ስቀብር አላጉረመረምሁም፤ እርሷን ግን ተይልኝ!" ብሎ አፈሩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ያን ጊዜ ራሷን ስታ የነበረችው ያልጋነሽ ዓይኗን ገለጠችና "እንዳላማው፥ አንዲት ሴት ሞተርህ አጠገብ ቆማ እጇን ከቆርቆሮው ላይ አድርጋለች፤ 'ዝምታ መቼ ለመንሁት? ይክፈተው' ትላለች" አለችው። እርሱ ማንንም አላየም፤ ነገር ግን ግራ እጁን በቀላው ብረት ላይ አኖረና ቆርቆሮውን ነቀለ፥ ሽቦውንም መዝዞ ጣለ፤ ሥጋው ሲጤስ ሸተተው፥ ሕመም ግን አልተሰማውም። አንድ ጊዜ ቢረግጠው ሞተሩ ተነሥቶ ቆላውን እያናወጠ ዳገቱን ወጣ፤ በዚያች በተቃጠለች እጁም የማርሽ መቀየሪያውን መያዣ፥ ፍሪሲዮኑን፥ እየጨበጠ ጤና ጣቢያው ደረሰ። ሐኪሞቹ "ጥቂት ብትዘገይ ሁለቱም አልፈው ነበር" አሉት። ሴት ልጅ ተወለደች፥ ያልጋነሽም ተረፈች፤ ሕመሙ የመጣበት ያን ጊዜ ነበርና ጮኾ ወደቀ።

ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይዘረጉም፤ "እጄንስ ለምን አላዳነችልኝም?" ሲል ግን አንድ ቀን አልሰማሁትም። በሰማንያኛው ቀን ልጅቱን ሊያስጠምቅ ሲመጣ ሞተሩ ከወንዙ ማዶ ሲጮህ ሰማሁና ከደጀ ሰላሙ ወጥቼ ጠበቅሁት፤ እንደ ልማዱ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ቢል፥ እኔ ቀድሜው ተንበረከክሁና ያችን የተጨማደደች እጁን ተሳለምኋት።

እመቤታችን የሰውን ልብ ከሚሰብር ቅንዓት ትጠብቀን፤ ዳገት ላይ የቀረውን መንገደኛ ታድርስልን፤ የፀነሳችሁትንም በሽልም ታውጣችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።