አልሞላም ያለው ቃሪያ

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ የላም በረቱን ተዉትና «የቃሪያ እሳት» በሉኝ።

ሶዶ ከተማ ውስጥ እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ጉንፋን ይዟቸው ሦስት ሳምንት ተኙ። ጉንፋኑ ሲለቃቸው የምላሳቸውን ጣዕም ይዞባቸው ሄደ። ወጡም አመድ አመድ፣ ሙዙም አመድ አመድ አላቸው። መብላት የሚወድ ሰው አፉ ሲሞትበት ምን ቀረው? እትዬ ዘርፌም ፈሩ። «ስንግ ቃሪያ ካላነቃኝ ሌላ አያነቃኝም» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ሰፈራቸው ካለችው ምግብ ቤት ገቡ። ስንግ ሲሉ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ ሽንኩርትና በቅመም የተፈጨ የሚያቃጥል ዳጣ የሚጠቀጠቅበትን ማለታቸው ነው።

አስተናጋጇ አስናቀች፣ «ቃሪያው አለ እትዬ፤ ግን ባዶውን ነው» አለቻቸው። ወጥ ሠሪዋም ከውስጥ ሆና፣ «ያለ ዳጣ አልሞላም፤ ስሜን አላሰድብም» አለች። ቃሪያው ያለ ዳጣ አልሞላም አለ፤ እትዬ ዘርፌም ቃሪያ አማራቸው።

ወደ ጓሮ ዞሩ። ዳጣ ፈጪዋ ድንጋይዋ ፊት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። «ዝንጅብል ከሌለው እሱ ዳጣ ሳይሆን ሰላጣ ነው» አለች። ዳጣው ያለ ዝንጅብል አልፈጭም አለ፤ ቃሪያው ያለ ዳጣ አልሞላም አለ፤ እትዬ ዘርፌም ቃሪያ አማራቸው።

ገበያ ወረዱ። ዝንጅብል ነጋዴው አቶ ጩፋሞ ባዶ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ያዛጋሉ። «ዝንጅብሌ ገጠር ማሳው ዳር ቁጭ ብሏል። ባጃጅ ካልሄደለት በእግሩ አይመጣ» አሉ። ዝንጅብሉ ያለ ባጃጅ አልመጣም አለ፤ ዳጣው ያለ ዝንጅብል አልፈጭም አለ፤ ቃሪያው ያለ ዳጣ አልሞላም አለ፤ እትዬ ዘርፌም ቃሪያ አማራቸው።

እያለከለኩ አደባባዩ ጋ ደረሱ። ባጃጁ ቆሟል፤ ሾፌሩ ማርቆስ፣ የድሮ ተማሪያቸው፣ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ተጋድሟል።

«ማርቆስ፣ ተበላሸብህ እንዴ?»

«ባጃጁ ደህና ነው። አልነሳም ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ማርቆስ አኩርፎ አልነዳም አለ፤ ባጃጁ ያለ ማርቆስ አልነሳም አለ፤ ዝንጅብሉ ያለ ባጃጅ አልመጣም አለ፤ ዳጣው ያለ ዝንጅብል አልፈጭም አለ፤ ቃሪያው ያለ ዳጣ አልሞላም አለ፤ እትዬ ዘርፌም ቃሪያ አማራቸው።

«ማን አስቀየመህ ልጄ?»

«እርስዎ ነዎታ! በልጄ ክርስትና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንድ ጉርሻ አጉርሰውኝ ብድግ ብለው ወጡ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ጠዋት ደግሞ አይተው እንዳላዩ አለፉኝ።»

«ኧረ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው የሮጥኩት! ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ ነበርኩ እኮ፤ ዛሬ ገና መውጣቴ ነው። ጠዋትም ቃሪያዬን እያሰብኩ አላየሁህም» አሉ። ማርቆስ ይህን አልሰማም ነበር፤ ያኮረፈ ሰው ጆሮውም ያኮርፋል። እትዬ ዘርፌ በማርቆስ ሃይላንድ ውሃ እጃቸውን ታጠቡ፣ ምሳ ዕቃውን ከፈቱ፣ ፍርፍሩን ጠቅልለው፣ «እንካ፣ ሁለተኛዋን» አሉት። ማርቆስ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው አለ።

ማርቆስ ጎርሶ ታረቀ፤ ባጃጁ ተነሳ፤ ዝንጅብሉ መጣ፤ ዳጣው ተፈጨ፤ ቃሪያው ተሞላ፤ አስናቀችም በሳህን ይዛ ከች አለች።

ማርቆስ ራሱ አንዱን አንስቶ እትዬ ዘርፌን አጎረሳቸው። አኘኩት። ምንም ጣዕም የለም። ምግብ ቤቱ ሁሉ አፋቸውን ያያል። ከዚያ ጆሯቸው ጋለ፣ አፍንጫቸው ፈሰሰ፤ መጀመሪያ ዝንጅብሉን፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱን ለዩት። በደስታ አለቀሱ። ማርቆስም ደስ ብሎት ባጃጁን ሊያስነሳ ብድግ ሲል እጁን ለቀም አደረጉትና፣

«ወዴት ወዴት? ሁለተኛዋስ?» አሉት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በእርጎ አብሱ።