አልቆለፍ ያለው ኮሌታ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። መተሐራ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች ሱቅ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ፣ ሱሪ የሚያሳጥር ሰው። ስሙን ይርዳው እንበለው። ሚስቱን ስንዱ እንበላት። እውነተኛ ስማቸውን ብነግራችሁ ማታውኑ ዘመዶቻቸውን ፈልጋችሁ ትደውላላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ይርዳው አንድ ልማድ ነበረው። ሲሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ ይይዛል። ሰው ሲያናግረው "እም" ይላል እንጂ ቃል አይወጣውም። ስንዱ ታዲያ ምሳውን ይዛ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ትቆምና "ስፒሉን ከአፍህ አውጣና አናግረኝ፤ እኔ ሱሪ አይደለሁም" ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ስፒሎቹ ይረግፋሉ። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ።

ፍቅራቸው ይኸው ነበር። እናንተ ፍቅር ሲባል ምን ይታያችኋል? አበባ? ቀይ ሪባን? እኔ ያየሁት የአብዛኛው ሰው ፍቅር እንደ እነዚህ ሰዎች ነው። ትንሽ ማሾፍ፣ ትንሽ መሳቅ፣ አብሮ ጎንበስ ማለት።

እና ስንዱ ማሾፏን ተወች።

በአንድ ቀን አይደለም። ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ድካም ነው አለች። ከዚያ ወጡን እሳት ላይ ትረሳው ጀመር። የጎረቤቷን ስም ለመጥራት እንኳ ቆም ብላ ታስባለች። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ተራራ ሆነባት። ፊቷ አበጥ አለ፣ ድምፅዋ ጎረነነ። ልቅሶ ቤት ቀረች፣ ማኅበር ቀረች። ምሳውንም በጎረቤት ልጅ ትልክ ጀመር። ይርዳው ማታ ገብቶ የውሎውን ሲያወራት ቀና ብላ ታየዋለች፤ መልስ ግን የለም።

አልጠየቃትም ወይ ትሉኛላችሁ። ጠይቋታል። ግን እንዴት እንደጠየቃት ልንገራችሁ። ቤትም ሥራ ይዞ ይገባል፤ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ጨርቁን እያየ፣ ስፒሉ አፉ ውስጥ እንዳለ ነው "ምን ሆነሻል?" የሚላት። እሷም "ደህና ነኝ" ትለዋለች። እሱም ስፌቱን ይቀጥላል።

ፋሲካ ደረሰ። ይርዳው "ሚስቴ የከፋት ነገር አለ" ብሎ ቀሚስ ሰፋላት። ሳሳ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ ኮሌታ፣ ነጫጭ ቁልፎች። ሳይለካት ነው የሰፋው። ይሄ ሰው የአገሩን ሰው ሁሉ በሜትር ይለካል፤ ስንዱን ግን አይለካም። "የእሷን ልክ በቃሌ ነው የማውቀው" እያለ ለደንበኞቹ ይኩራራል። ቀሚሱን ሰጣት። ተቀብላው ጓዳ ገባች። ስትወጣ ቀሚሱ የለም። በዓሉን ሙሉ ጋቢ ተከናንባ ዋለች።

ወገኖቼ፣ መተሐራ ነው ያልኳችሁ። በፋሲካ ሰሞን። እዚያ አገር በዚያ ወቅት እንኳን ጋቢ፣ ሸሚዝም ይከብዳል።

ይርዳው ግን ጋቢውን አላየም። ያየው ያልተለበሰውን ቀሚስ ነው። "እጄ የሰፋውን ናቀችው" አለ። "ልቧ ቀዝቅዟል፤ ጠልታኛለች" አለ። ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ እንደምታውቁት መካሪ አይጠፋም። "ሌላ ሰው አይታ ይሆናል፤ ተዋት" አሉት። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ስፒል የለቀሙ ሰዎች፣ አሁን ትዳራቸው ሊፈርስ ነው።

ሽማግሌ ተጠራ። ሊያስታርቅ አይደለም፤ ይርዳው የጠራቸው በሰላም እንዲያለያዩት ነው። ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። ሰብሳቢው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉደታ ነበሩ።

"ይርዳው፣ ከሳሹ አንተ ነህ፤ ጀምር" አሉት።

"ጋሽ ጉደታ፣ እኔ ልሰድባት አይደለም የመጣሁት። ደክሞኝ ነው። ቤቴ ገብቼ ሰው አላገኝም። ድሮ ታሾፍብኝ ነበር፤ ዛሬ ብስቅም ባለቅስም አታየኝም።" ከብብቱ ሥር ሰማያዊውን ቀሚስ አወጣ። "ይሄን በእጄ ሰፋሁላት፤ አንድ ቀን አልለበሰችውም። ከጠላችኝ ትንገረኝና እንለያይ።"

"ስንዱ፣ ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?"

ስንዱ ቆየች። ሽማግሌዎቹ ኮራችብን እስኪሉ ድረስ ቆየች። በኋላ በዚያ በጎረነነ ድምፅዋ "ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም አልዋሸም" አለች። "ግን አልጠላሁትም። እኔም የድሮዋን ስንዱ እየፈለግኳት ነው። የት እንደሄደች አላውቅም። ጠዋት እነሣና ዛሬስ አሾፍበታለሁ እላለሁ፤ ቃሉ ሳይመጣልኝ ይመሻል።"

"ቀሚሱንስ ለምን አልለበስሽውም?"

"አንገቱ እምቢ አለኝ። ልኳን በቃሌ አውቃለሁ እያለ ለሰው ይናገራል፤ አልሆነኝም ካልኩት ያፍራል ብዬ ዝም አልኩ።"

ጋሽ ጉደታ ትንሽ አሰቡ። "እስቲ ልበሺውና እንየው" አሏት።

ለብሳው ወጣች። እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ኮሌታውን በእጇ ይዛዋለች። ይርዳው ልብስ ሰፊ ነውና ቁጭ ብሎ ማየት አልቻለም፤ ተነሥቶ ቁልፉን ሊቆልፍላት ኮሌታውን ጎተተ። አልደረሰም። እንደገና ጎተተ። ሁለት ጣት ያህል ጎደለው። ያን ጊዜ ጣቶቹ አንገቷን ነኩ። ከጉሮሮዋ በታች አንድ እብጠት አለ። ሽማግሌዎቹ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው፤ የእሷ አንገት ግን ቀዝቅዟል።

"ስንዱ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆየ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ። አንገቴን አንድ ነገር ይዞኛል፣ ይበርደኛል ብዬህ ነበር። 'እም' አልከኝ።"

ይርዳው ኮሌታውን ለቀቀ። ጋሽ ጉደታ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት" አሉ። "እሷ ታመመች፣ አንተ በላይዋ ላይ ከሰስካት። ይሄ የእኛ ዳኝነት አይደለም። ተነሥና ሐኪም ቤት ውሰዳት።"

አዳማ ወሰዳት። ደሟ ተመረመረ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ሁለቱን አስቀምጣ አስረዳቻቸው። አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት በታች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል እጢ አለች። ታይሮይድ ይሏታል። ይህቺ እጢ ሆርሞን ታመነጫለች። ሆርሞን ማለት መልእክተኛ ነው፤ በደም ተሳፍሮ ሰውነትን ሁሉ ይዞራል። ልብን ምቺ ይላታል፣ ቆዳን ሙቅ ይለዋል፣ አንጎልን ንቃ፣ አስታውስ፣ ሳቅ ይለዋል። የስንዱ እጢ አብጣለች እንጂ መልእክተኛውን መላክ አቅቷታል። ለዚህ ነው የሚበርዳት። ለዚህ ነው ቃል የሚጠፋት። ልቧም በጣም ዘግይታ ትመታ ነበር። እንዲሁ ተትታ ብትቆይ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችል እንደነበር ሐኪሟ አልደበቀቻቸውም።

ይርዳው ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? "ዶክተር፣ ታዲያ ፍቅሯስ?"

"ፍቅሯን አልመረመርኩም፤ እሱን እርስዎ ያውቁታል" አለችው። "እኔ የማውቀው፣ የሚገለጽበት ጉልበት እንዳልነበረው ነው።"

ኪኒን ታዘዘላት። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ኪኒን፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ዕድሜ ልክ። ይርዳው ማለዳ ቀድሟት እየተነሣ ውኃውን በብርጭቆ ያመጣላት ጀመር። አጠገቧ ቁጭ ይላል፤ ስትውጥ ያያታል። ሳምንታት አለፉ፤ ምንም የለም። "ዘገየሁ ማለት ነው" እያለ ለብቻው ያለቅስ ነበር። እኔ ይሄን ሰው የምወደው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱን ካወቀ በኋላ ከአጠገቧ አልራቀም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዩኒፎርም ይሰፋል። አፉ በስፒል ሞልቷል። ደጃፉ ላይ ጥላ ወደቀ፤ ቀና አላለም።

"ስፒሉን ከአፍህ አውጣና አናግረኝ።"

ቀና አለ። ስንዱ ናት፤ ምሳ ይዛለች። ሊስቅ ፈልጎ አለቀሰ። ስፒሎቹ ሁሉ መሬት ላይ ረገፉ።

"ምን ያስለቅስሃል፤ ዋጥከው እንዴ?" አለችው።

ሳቃችሁ። እነሱም ስቀዋል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ለቀሙ። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀነሰ እንጂ። ይርዳውም የሰማያዊውን ቀሚስ ኮሌታ ፈትቶ እንደገና ሰፋው። አሁን ግን ሜትር ይዞ ለካት። እስከ ዛሬም በየበዓሉ ይለካታል። ደንበኞቹ "በቃልህ ታውቀው የለም ወይ?" ሲሉት፣ "አውቅ ነበር፤ ሰው ይለወጣል" ይላቸዋል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ባሎች፣ እዚህ ጋ ላስጠንቅቃችሁ። ነገ ሚስቱን ሰድቦ "ሆርሞኔ ነው፤ ሰባኪው ብሎኛል" የሚል ሰው እንዳልሰማ። ክፋት ክፋት ነው፤ ንስሐ ይፈልጋል። ግን ስንት ጊዜ ነው ሕመሙን ክፋት ብለን የጠራነው? ወልዳ ሳምንታት ያለፋት፣ ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ የምታዩዋት ሴት ምስጋና ቢስ ናት? ዕድሜዋ ሃምሳን ሲነካ በሌሊት መስኮት የምትከፍተው ሚስትህ ልታናድድህ ነው? በር በኃይል የሚዘጋው ጎረምሳ ልጅሽ ጠልቶሽ ነው? ውስጣቸው ያለው መልእክተኛ ተለውጦ ቢሆንስ? ሰውነታችንን የሠራው እግዚአብሔር ነው። መልእክተኞቹም የእሱ ናቸው። እኛ ግን በሰውየው ላይ ከመፍረዳችን በፊት መልእክተኛውን አንጠይቅም።

ደግሞ ይሄንን ስሙኝ። በጭቅጭቅና በፍርሃት በሚኖር ሰው ውስጥ ሌላ ሆርሞን ይፈሳል። ከጅብ ለመሸሽ ጥሩ ነው። ግን በየቀኑ፣ በየማዕዱ ሲፈስ ልብን ያደክማል፣ ማስታወስን ይነሳል፣ ከዕድሜም ይቀንሳል ይላሉ ሐኪሞች። የሚወዱት ሰው እጅ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ያ ፍርሃት ረገብ ይላል። ዕድሜ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። አንዳንዱን ግን በእናንተ እጅ ነው የሚልከው፤ በአንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ማለዳ ቀድሞ በመነሣት።

ጸልዩላቸው። ሐኪም ቤትም ውሰዷቸው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዝም ያለው ማን እንደሆነ እዩ። ድሮ ያሾፍ የነበረው፣ አሁን ያቆመው ማን ነው? በሙቀት መካከል ጋቢ የለበሰው ማን ነው? "በቃሌ አውቀዋለሁ" አትበሉ። ስልኩን አስቀምጡ፣ ሥራውን አስቀምጡ፣ ስፒሉን ከአፋችሁ አውጡና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቃሉ እስኪመጣላቸው ቆዩ፤ ሊዘገይ ይችላል።

ምናልባት አንድ ጊዜ ነግረዋችኋል። እናንተ "እም" ብላችሁ አልፋችኋል። ሂዱና እንደገና ጠይቋቸው።